ቀዶ ሐኪም ሊሆን የነበረው የምክር ቤት አባል

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ የጠበቁት ስለ ትምህርት ቤታችን አመሠራረት ወይም ዛሬ በሕይወት ስለሌሉት መምህራኖቻችን እንደነበር ይገባኛል። ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ የመረጥኩት የግቢያችንን በር ረግጦ የማያውቅ፣ ሕክምናንም ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው ነው። ዳንኤል ኢኖዬ ይባላል። የሃዋይ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣ ወታደር፣ በኋላ የሃዋይ ግዛት ምክር ቤት አባል፣ ከዚያም ለ50 ዓመት ገደማ የአሜሪካ ሴናተር ነበር።

ስሙን መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሙያ ስብሰባ ሆኖሉሉ ስወርድ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በስሙ ተሰይሞ አገኘሁት። ሻንጣ እየጠበቅኩ ስልኬን አውጥቼ ማን እንደሆነ ፈለግኩ። ቀዶ ሐኪም መሆን ይመኝ እንደነበር ሳነብ ሻንጣዬ ፊት ለፊቴ ሁለት ጊዜ ዞሮ አለፈኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ነገሩ የእነሱ ነውና። በዕድሜውም በማዕረጉም «አንቱ» ማለት ይገባ ነበር፤ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከ17 ዓመት ልጅ ስለሆነ «እሱ» እያልኩ ብቀጥል ደስ ይለኛል።

ለምን እንደነካኝ ልናገር። ኢንተርን ሳለሁ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ይቆየን፣ አንድ ወጣት ወታደር ሰርጂካል ዋርድ ተኝቶ ነበር። መሬት ላይ ያገኘው ፈንጂ እጁ ላይ ፈንድቶበት ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተቆርጧል። ቁስሉ ሳያመረቅዝ ደረቀ። በራውንድ ሰዓት ሲኒየሮቻችን የተረፈውን ክንድ እያዩ «ግሩም ሥራ» ይሉ ነበር፤ እውነትም ግሩም ነበር። የሚወጣበት ቀን ወረቀቱን ልሰጠው ስሄድ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር በግራ እጁ እየታገለ ነው። ቀና ብሎ «ዶክተር፣ ይኼን እንዴት ነው የሚያደርጉት?» አለኝ። ሌሎች አምስት በሽተኞች ይጠብቁኝ ነበር። «ትለምደዋለህ» አልኩትና ፈርሜ ሄድኩ። ካርዱ ላይ የጻፍኩት «ተሽሎት ወጥቷል» የሚል ነው። ቁልፉ በአንድ እጅ እንዴት እንደሚቆለፍ ግን እኔም አላውቅም ነበር።

የኢኖዬ ቤተሰብ ታሪክ የሚጀምረው በዕዳ ነው። በጃፓን፣ ፉኩኦካ ውስጥ ባለች መንደር፣ ከቅድመ አያቶቹ ቤት የተነሣ እሳት የጎረቤት ቤቶችን አቃጠለ። ለደረሰው ጥፋት ቤተሰቡ 400 ዶላር የሚያህል ገንዘብ መክፈል ነበረበት። በመንደሩ ሥራ ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚከፈል አልነበረም። ስለዚህ አያቱ አሳኪቺ በ1899 ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ይዞ በሃዋይ ካዋይ ደሴት ወደሚገኝ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሄደ። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ከዐረብ አገርም ሆነ ከአሜሪካ ወደ ቤት ገንዘብ የሚልክ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ዕዳው ሲያልቅ አገሩም ሌላ ሆኖ ይቆያል፣ ማንም አይመለስም።

ዳንኤል በ1924 ሆኖሉሉ ውስጥ ተወለደ፤ ከአራት ልጆች የመጀመሪያው ነው። ልጅ ሳለ ክንዱ ተሰብሮ በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ ነበር። በኋላ አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም አስተካከለለት። ቀዶ ሐኪም የመሆን ምኞቱ ከዚያ ቀን እንደጀመረ ራሱ ተናግሯል። እዚህ ጋ የኦርቶፔዲክስ ወዳጆቻችን ፈገግ ይበሉ፤ ስንቱን ወደ ሙያው የሳበው እንዲህ ያለ አጋጣሚ ነው።

ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትደበድብ ኢኖዬ 17 ዓመቱ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፣ በቀይ መስቀል የመጀመሪያ ዕርዳታ ሠልጥኗል። ብስክሌቱን ይዞ ወደ ዕርዳታ ጣቢያው በረረ፤ ለቀናትም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በከተማው ሲቪሎች ላይ ከደረሰው ጉዳት ብዙው የመጣው ከጃፓን ቦምብ ሳይሆን ወደ ሰማይ ተተኩሰው ተመልሰው በወደቁ የአሜሪካ የፀረ አውሮፕላን ጥይቶች ነበር። የቆሰሉትን ያሸከመና ሬሳ ያነሣ ይህ ልጅ፣ ፊቱ የጠላትን ፊት ይመስላል።

በማግሥቱ የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ሁሉ ተጠርጣሪ ሆኑ። ለውትድርና በሚመዘገቡበት ዝርዝር «የጠላት አገር ሰው» የሚል ምድብ ተሰጣቸው። በዋናው የአሜሪካ ምድር ከ1942 ጀምሮ 120,000 የሚደርሱ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ዜጎች፣ ቤታቸውን ጥለው በሽቦ ወደታጠሩ ካምፖች ተጋዙ። በሃዋይ የሕዝቡ ከሦስት አንዱ እጅ የሚሆነው የጃፓን ዝርያ ስለነበረ ሁሉን ማጋዝ አልተቻለም፤ እርሻውን ማን ሊሠራው?

ኢኖዬ በ1942 ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የቅድመ ሕክምና ትምህርት ጀመረ። በ1943 መጀመሪያ ጦሩ ሐሳቡን ለውጦ ከጃፓን ዝርያ ወጣቶች ብቻ የሚቋቋም ሬጅመንት፣ 442ኛውን፣ ሲያውጅ በሃዋይ 10,000 የሚያህል ወጣት ለመመዝገብ ጎረፈ። ኢኖዬ በመጀመሪያው ዙር አልተጠራም፤ የሕክምና ተማሪና የዕርዳታ ጣቢያ ሠራተኛ ስለሆነ ለኋላው ደጀን ያስፈልጋል ተባለ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁለቱንም ለቀቀና ተመልሶ ቀረበ፣ ተወሰደም። አባቱ ወደ ጦር ካምፑ ሲሸኘው ብዙ አልተናገረም። ይህች አገር ለእኛ ደግ ሆናለች፣ ያደረግከውን አድርግ እንጂ ቤተሰቡን አታዋርድ፣ መሞት ካለብህም በክብር ሙት የሚል ነበር ቃሉ። የሀገራችን አባቶችም ልጅ ሲሸኙ ከዚህ የራቀ ነገር አይናገሩም።

ሚሲሲፒ ውስጥ ሥልጠና ላይ ሳሉ የሃዋይ ልጆችና ከዋናው ምድር የመጡት ልጆች አልተስማሙም። የሃዋዮቹ ሌሎቹን ዝምተኛና ኩሩ አድርገው ያዩአቸው ነበር፣ በየቀኑም ይደባደቡ ነበር። አንድ ቀን የሃዋዮቹ በአውቶቡስ ተጭነው አርካንሶ ወደሚገኝ ካምፕ ለግብዣ ተወሰዱ። ሲደርሱ ያዩት ሽቦና የጥበቃ ማማ ነው፤ ውስጥ ያሉት የባልደረቦቻቸው እናቶችና እህቶች ናቸው። ሲመለሱ አውቶቡሱ ጸጥ ብሎ እንደነበር ኢኖዬ ደጋግሞ ያስታውስ ነበር። ቤተሰቤ እዚያ ሽቦ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እኔ ለዚህ ጦር በፈቃዴ እመዘገብ ነበር ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ እስከ እርጅናው ድረስም ለጥያቄው የሚያረካ መልስ እንዳላገኘ ተናግሯል። ድብድቡም በዚያው ቆመ።

ጣሊያን፣ ከዚያ ፈረንሳይ፣ ከዚያ እንደገና ጣሊያን ተዋጋ። በ1944 መጸው፣ በፈረንሳይ የቮዥ ተራሮች የተከበበ የቴክሳስ ሻለቃ ለማውጣት 442ኛው ከዳኑት 211 ሰዎች ቁጥር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሙትና ቁስለኛ ከፈለ። ኢኖዬ በዚያ ሰሞን ምክትል የመቶ አለቃነት ሊሾም ወደ ኋላ ተጠርቶ ስለነበር አምልጦታል፤ ሲመለስ ጓደኞቹን ፈልጎ አጣ። ደረት ኪሱ ውስጥ ሁለት የብር ዶላሮች ይይዝ ነበር። አንድ ጥይት በእነሱ ላይ አርፎ ሕይወቱን አትርፎለታል።

በ2007 በኬን በርንስ የጦርነት ዘጋቢ ፊልም ላይ የተናገረው አንድ ነገር አለ፤ እኔ ከሜዳልያዎቹ ይልቅ እሱን አልረሳም። አንድ የቆሰለ ጀርመናዊ እጁን ወደ ኮቱ ሲሰድ ሽጉጥ ሊያወጣ ነው ብሎ በጠመንጃው ሰደፍ ፊቱን መታው። የሰውየው እጅ ሲዘረጋ ሽጉጥ አልነበረም። የሚስቱና የልጆቹ ፎቶግራፎች ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ቀን። ኤፕሪል 21 ቀን 1945፣ በሰሜን ጣሊያን ሳን ቴሬንዞ አጠገብ፣ ኮሌ ሙዛቴሎ የሚባል ሸንተረር። የእኛ አገር አንባቢ ጣሊያንና ጦርነት ሲባል ማይጨው ትዝ እንደሚለው አውቃለሁ፤ ያንን ጦር የላከብን ሙሶሊኒ ከዚህ ቀን በኋላ የቀረው ዕድሜ አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ብር ዶላሮቹ ከዋዜማው ጀምሮ ጠፍተዋል። ኢኖዬ የሚመራቸው ሰዎች በሦስት መትረየሶች ተያዙ። መጀመሪያ ሆዱን ተመታ። የሆድ ቁስል ይዞ ዕርዳታ አልፈልግም አለና ወደፊት ቀጠለ፤ አንደኛውን ምሽግ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ደመሰሰ። ወደ ሦስተኛው እየተሳበ ቀርቦ፣ የእጅ ቦምብ ሊወረውር ክንዱን ወደ ኋላ ሲስብ፣ ጀርመናዊው በጠመንጃ የሚተኮስ ቦምብ ለቀቀበትና ቀኝ ክርኑን አገኘው። ክንዱ በጥቂት ሥጋ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቀለበቱ የወለቀው ቦምብ ግን አሁንም በቀኝ መዳፉ እንደተጨበጠ ነው። ጅማቶቹ በሪፍሌክስ ይዘውታል። እጁ የሱ መሆኑ አብቅቷል፣ ሊያዘው አይችልም፤ መቼ እንደሚለቅም አያውቅም። ሰዎቹ ሊረዱት ሲሮጡ ወደ ኋላ ሁኑ ብሎ ጮኸባቸውና በግራ እጁ ቦምቡን ከቀኝ ጣቶቹ ፈልቅቆ ወደ ምሽጉ ወረወረው። ከዚያ ተነሥቶ በግራ እጁ እየተኮሰ ሄደ፤ እግሩን ሲመታ ነው ተንከባሎ የቆመው።

ይህን ያነበበ ሁሉ ጀግንነቱን ያያል። እኔ በልምድ የማየው የደም ግፊቱን ነው። በግንባር ጣቢያ ብዙ ሞርፊን ተሰጥቶት ስለነበር፣ ተጨማሪ ማደንዘዣ ግፊቱን አውርዶ ይገድለዋል ተብሎ ተፈራ። የቀረው ክንድ የተቆረጠው በቂ ማደንዘዣ ሳይኖር ነው። 17 ጊዜ ደም ተሰጠው። የደሙ ነገር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። 442ኛው በዚያን ጊዜ ከ92ኛው ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ይዋጋ ነበር፤ 92ኛው የጥቁር አሜሪካውያን ጦር ነው። በዚያን ዘመን በአሜሪካ የጥቁርና የነጭ ለጋሾች ደም ተለይቶ ይቀመጥ እንደነበር እናስታውስ፣ ምንም ሳይንሳዊ ምክንያት ሳይኖር። ኢኖዬ በሥሩ የሚዘዋወረው ደም የ92ኛው ልጆች ደም መሆኑን ዕድሜ ልኩን ሲናገር ኖሯል።

የጣሊያኑ ጦርነት ያለቀው እሱ በቆሰለ በ11ኛው ቀን ነው።

ሕይወቱን ያተረፉት ቀዶ ሐኪሞች ናቸው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። እኔ ግን ታሪኩ የዞረበትን ቦታ ፈልግ ብባል የማመለክተው አንዲት ነርስን ነው። ጣሊያን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሲጋራ ጠየቃት። ፓኮውን ደረቱ ላይ ጣለችለትና ዞር አለች። አንድ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ወይም የለም ማለት ይሻላል፤ ፓኮውን በጥርሱም በጣቱም ታግሎ ከፈተ። ክብሪቱ ግን እምቢ አለው። ተናደደባት። ተመልሳ መጥታ አልለኮሰችለትም፤ የወረቀት ክብሪት በአንድ እጅ እንዴት እንደሚጫር አሳየችው። ዕድሜህን ሙሉ ሰው እየለኮሰልህ አትኖርም ነው ነገሩ። ተሐድሶዬ የጀመረው በዚያች ደቂቃ ነው ብሏል በኋላ። (ሲጋራውን እንደ ሐኪም አልደግፍም፤ ዘመኑ ነው።)

ይህን ሳነብ ያ የሸሚዝ ቁልፍ መጣብኝ። ያቺ ነርስ የሰጠችው ምን ያህል ጊዜ ነው? ምናልባት ሦስት ደቂቃ። እኔም ሦስት ደቂቃ ነበረኝ። ያልነበረኝ ዕውቀቱ ነው፤ ደግሞም የኔ ሥራ ነው ብዬ አላሰብኩትም። የት እንደሚቆረጥ፣ አጥንቱ በምን እንደሚሸፈን፣ ነርቩ እንዴት እንደሚያዝ ለፈተና በቃሌ ይዤ ነበር። ከተቆረጠ በኋላ ስላለው ጠዋት ግን ደብተሬ ውስጥ አንድ መስመር አልነበረም።

አሜሪካ ሲመለስ የተላከው ሚሺጋን፣ ባትል ክሪክ ወደሚገኘው የፐርሲ ጆንስ ጦር ሆስፒታል ነው። ሕንፃው ቀድሞ ዶክተር ኬሎግ፣ አዎ የኮርን ፍሌክሱ፣ በሽተኞቻቸውን በአትክልት ምግብና በውኃ የሚያክሙበት ዝነኛ ሳናቶርየም ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ክንድና እግር የተቆረጡ ወታደሮች ማዕከል ሆነ። ኢኖዬ በሆስፒታሎች በጠቅላላው 20 ወር ቆየ። 20 ወር! በግራ እጅ መጻፍ፣ መብላት፣ መልበስ፣ ጫማ ማሠር ተማረ። በግራ እጁ ብቻ ፒያኖ መጫወትም ለምዷል፤ ሽማግሌ ሆኖም ይጫወት ነበር።

በዚያ ዋርድ ሌላ ቀኝ ክንዱ የተበላሸ ልጅ ነበር፣ ከካንሳስ የመጣ። እሱም ጣሊያን ውስጥ፣ ኢኖዬ ከቆሰለበት ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ኤፕሪል 14 የተመታ ነው። ስሙ ቦብ ዶል። እሱም ከጦርነቱ በፊት ሐኪም ለመሆን ያስብ ነበር። ፊሊፕ ሃርት የሚባል በኖርማንዲ የቆሰለ ሦስተኛ መኮንንም ነበረ። ካርታ ይጫወታሉ፣ ያወራሉ። ኢኖዬ አንድ ቀን ዶልን ከዚህ ወጥተህ ምን ልትሆን ነው አለው። ዶል ዕቅዱን ዘረዘረ፤ ሕግ እማራለሁ፣ የአውራጃ ዐቃቤ ሕግ እሆናለሁ፣ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት እገባለሁ፣ ቦታ ሲገኝ ኮንግረስ። ኢኖዬ ጥሩ ዕቅድ ነው ብሎ አሰበና ወሰደው። በኋላ ሲቀልድ፣ ዕቅዱ የዶል ነበር፣ ኮንግረስ የደረስኩት ግን እኔ ቀድሜ ነው ይል ነበር። እውነት ነው፣ እሱ በ1959፣ ዶል በ1961። ሦስቱም ሴናተሮች ሆኑ። ያ ሕንፃ ዛሬ በሦስቱ ስም ይጠራል።

ወደ ሃዋይ ሲመለስ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ፀጉሩን ሊስተካከል አንድ ጸጉር ቤት ገባ። ዩኒፎርሙን ለብሷል፣ ደረቱ በሪባን ተሞልቷል፣ በቀኝ እጁ ቦታ መንጠቆ አለ። ጸጉር ቆራጩ የጃፓን ፀጉር አንቆርጥም አለው። ወጣ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለም።

በ1947 በሻምበልነት ከጦሩ ተሰናበተ። ቀዶ ሕክምናው አብቅቶለታል። እኔ ኢንተርኒስት ነኝና፣ «ለምን ወደ እኛ አልመጣም? እኛ ጋ አንድ እጅም ይበቃል» ብዬ ሰርጂን ጓደኞቼን አናድጃለሁ። እሱ ግን በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት አስተዳደርና ኢኮኖሚክስ ተምሮ በ1950 ተመረቀ፤ ቀጥሎ ዋሽንግተን ሄዶ ሕግ ተማረ። የከፈለለት ጂ አይ ቢል የሚባለው በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ ነው። እስከ 1956 ድረስ 7.8 ሚሊዮን የሚሆኑ ተመላሾች በዚህ ሕግ ተምረዋል ወይም ሠልጥነዋል። የሸንኮራ አገዳ ሠራተኛ የልጅ ልጅ ሕግ አውጪ የሆነው አንድ ሕግ ስለነበረ ነው። ሐቁ ሙሉ እንዲሆን ይህም ይነገር፤ በሕጉ ወረቀት ላይ ዘር አልተጠቀሰም፣ አፈጻጸሙ ግን በየአካባቢው ባለሥልጣንና ባንክ እጅ ስለነበረ ብዙ ጥቁር ተመላሾች፣ በተለይ በደቡብ፣ ከትምህርቱም ከቤት ብድሩም ተገፍተዋል። ለኢኖዬ ደም ከሰጡት ልጆች ስንቱ ከሕጉ ተጠቀመ?

የሃዋይ ፖለቲካ በዚያን ጊዜ በአምስት ትልልቅ የስኳር ኩባንያዎች ጥላ ሥር ነበር። መሬቱን፣ መርከቡን፣ ባንኩን የያዙት እነሱ ናቸው፤ ምክር ቤቱን ደግሞ ለእነሱ የቀረበው የሪፐብሊካን ፓርቲ ለአሥርተ ዓመታት ይዞታል። ገዥውን የሚሾመው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ጆን በርንስ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ሻምበል የ442ኛን ተመላሾች ማሰባሰብ ጀመረ። ደም ከፍለው የመጡ፣ ተምረው የመጡ፣ ወደ እርሻው የማይመለሱ ወጣቶች ናቸው። ኢኖዬም ምክትል ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሠርቶ በ1954 ለምክር ቤት ተወዳደረ። ተቃዋሚዎቻቸው ኮሚኒስቶች አሏቸው፤ ዘመኑ ይህ ስም ሰው የሚያጠፋበት ነበር። በአንድ ክርክር ላይ ኢኖዬ ያዘጋጀውን ወረቀት ትቶ ባዶ እጅጌውን ወደ ላይ አነሣ። ፋሺስቶችን ስዋጋ ይህን ሰጥቻለሁ፣ አገሬ ከኮሚኒስት ጋር ለመዋጋት ሌላኛውን ብትፈልግ ትውሰደው የሚል ነበር መልእክቱ። ቁስልን ለምርጫ መጠቀም ደስ አይለኝም፣ እዚህ ግን ሌላ ምን መልስ ነበረው?

በዚያ ምርጫ ዴሞክራቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። ኢኖዬ በ30 ዓመቱ የተወካዮች ምክር ቤት የአብላጫው መሪ ሆነ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ያወጧቸውን በርካታ ሕጎች ተሿሚው ገዥ አልፈርምም ብሎ መለሰባቸው። ግብር፣ ትምህርት ቤት፣ የሠራተኛ መብት የየዓመቱ ክርክር ነበሩ። በ1957 ግዛቱ የሞት ቅጣትን አስቀረ፤ ከሰው ልጅ ፎቶግራፍ ጋር የተያያዘ ትዝታ ያለው ሰው በዚያ ምክር ቤት ተቀምጦ ነበር ብዬ ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ይህ የእኔ ስሜት ቢሆንም። በ1958 ወደ ግዛቱ ሴኔት አለፈ። በኦገስት 1959 ሃዋይ 50ኛዋ ክፍለ ግዛት ስትሆን ለዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያው ተመራጭ እሱ ሆነ።

የመሐላው ነገር በምክር ቤት ሲተረክ ኖሯል። አፈ ጉባኤው ሳም ሬይበርን ናቸው፣ የቴክሳስ ሰው፤ 442ኛው ያወጣው ሻለቃም የቴክሳስ ነበር። እንደ ልማዱ ቀኝ እጅህን አንሥተህ ከእኔ ቀጥል አሉት። ግራ እጁን አነሣ። አዳራሹ ዝም አለ፤ ቀኝ እጅ እንደሌለ ሁሉም አየ።

የሴናተርነት ዘመኑን በአጭሩ ልለፈው፣ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ስለሚወጣው። በ1962 ተመርጦ እስከ ሞቱ ቆየ። የዋተርጌትን ምርመራ ካካሄዱት ሴናተሮች አንዱ ነበር። በሽቦ ለታሰሩት ጃፓን አሜሪካውያን ምርመራ እንዲደረግ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆኖ፣ በ1988 መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ከፈለ። በ2002 የኢራቅን ጦርነት ተቃውሞ ድምፅ ሰጥቷል። ቅሬታም አለበት። ለክፍለ ግዛቱ ያለ ልክ የፌዴራል ገንዘብ ይጎትታል ተብሎ ተወቅሷል። በ1992 ደግሞ አንዲት ሴት ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሞብኛል ብላ ተናገረች፤ እሱ አስተባበለ፣ ጉዳዩም በሴኔቱ በወጉ ሳይመረመር ቀረ። የጀግና ታሪክ ስንጽፍ ይህን ገጽ መዝለል ልማዳችን ነው፤ እኔ ልዘለው አልፈቀድኩም።

የክብር ሜዳልያ፣ የአሜሪካ ከፍተኛው የጦር ሽልማት፣ የተሰጠው በጁን 2000 ነው፣ ከ55 ዓመት በኋላ። በዚያ ቀን እሱን ጨምሮ 22 እስያ አሜሪካውያን ተሸለሙ። ብዙዎቹ ሜዳልያቸውን የወሰደላቸው ቤተሰብ ነው፣ እነሱ አልነበሩም።

በዲሴምበር 17 ቀን 2012 በ88 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ በዋሽንግተን ካፒቶል አዳራሽ ሲቀመጥ ቦብ ዶል በተሽከርካሪ ወንበር መጣ፤ 89 ዓመቱ ነው። ሳጥኑ አጠገብ ሲደርስ ወንበሩ ይቁም አለ፤ ዳኒ በወንበር ሆኜ እንዲያየኝ አልፈልግም ብሎ። ደግፈው አነሡት፣ ጥቂት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ግራ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠው።